እምነትና ሳይንስ በአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት



የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክት ለሚያደርሰው የራዲዮ መሣሪያ የቀድሞ ሰዎች ያወጡለት ስም ነው። ከጎፋ እስከ ላፍቶ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ የሚኖር ሰው ሁሉ አድራሻውን በተናገረ ቁጥር ሳያስበው የአንድ ሳይንሳዊ መሣሪያ ስም ይጠራል። በዚሁ ሰፈር ንጋት ላይ የቅዳሴ ደወል ይሰማል፤ ነጠላውን ያጣፋው ምእመንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰፈር ያለ ጠብ ይኖራሉ። በእኛ በወጣቶቹ አእምሮ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ይጣላሉ።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በመካከላችን የደረሰ አንድ ነገር ነው። የሚጥል በሽታ ያለባት አንዲት የመዘምራን እኅታችን ጠበል ስትጀምር የምትውጠውን ኪኒን አቆመች። መድኃኒቱን ይዞ ጠበል መግባት የእምነት ጉድለት ነው የሚል ወሬ ሰምታ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ነገሩን ሳልመረምር በእምነቷ ጽናት አመሰገንኳት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቡና በማፍላት ላይ እንዳለች ጣላትና እጇ ከከሰሉ ላይ ወደቀ። ልንጠይቃት ቤቷ በሄድን ጊዜ ሕክምና የሚማረው ወንድሟ ከእናቱ ጋር ሲከራከር አገኘነው። እርሱ የደረሰው ጉዳት ሁሉ የሃይማኖት ጥፋት ነው ይላል፤ እናቲቱ ደግሞ ትምህርቱ ልጃቸውን ከእግዚአብሔር እንደለየባቸው ቆጥረው ያለቅሳሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ከሁለቱ ወገን ማንኛቸውንም ለመርዳት የሚሆን ቃል አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ለጥያቄው መልስ ስፈልግ የአንድ ኢትዮጵያዊ የሕይወት ታሪክ ትዝ አለኝ። ሰውዬው በዘመናዊ ሕክምና ተምረው ሐኪም የሆኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ታሪካቸውን ባጭሩ ላቅርብላችሁ።

ከመቅደላ እስከ ላሆር

ወርቅነህ በጎንደር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1865 ገደማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ በዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዘመን መቅደላ ላይ ተገኘ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ በግርግሩ መካከል ከወላጆቹ ተለየ። ብቻውን የቀረውን ሕፃን የእንግሊዝ መኮንኖች አንሥተው ወደ ህንድ አገር ወሰዱት። አሳዳጊው የሆነው ኮሎኔል ቻምበርሌን ይባል ነበር። እርሱ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ይከፍልለት ጀመር። ልጁም ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም ቻርልስ ማርቲን የሚል መጠሪያ ወጣለት። የገዛ ስሙን አያውቅም፤ የእናቱን ቋንቋም ረሳ።

በህንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስንና ዘመናዊ ትምህርትን ጎን ለጎን ተማረ። ከዚያም በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ። ላሆር ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። ቀጥሎም ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን ካሻሻለ በኋላ በበርማ አገር በመንግሥት ሐኪምነት አገለገለ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በትምህርቱ የተሳካለት የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ሐኪሙ ጥሩ ደመወዝና የተከበረ ሥራ ነበራቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል በዓለም በተሰማ ጊዜ ግን ልባቸው ወደማያውቋት አገራቸው ተነሣ። በ1891 ዓ.ም. ገደማ ከበርማ ተነሥተው ኢትዮጵያ ገቡ። አዲስ አበባ ላይ ድንኳን ተክለው በሽተኞችን ያለ ክፍያ ማከም ጀመሩ።

የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ፣ ፊቱ ግን የአገር ሰው ፊት የሆነ ሐኪም መጣ የሚለው ወሬ ተሰማ። በመቅደላ ሕፃን የጠፋባቸው ዘመዶችም መጥተው አዩአቸው። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ የነበሩትን የሕፃንነት ጠባሳዎች አይተው ለዩአቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠፍቶ የነበረው ልጅ በዚህ ዓይነት ስሙንና ወገኑን አገኘ። ሐኪሙ የሌሎችን ቁስል ለማከም በተከሉት ድንኳን ውስጥ የራሳቸው የልጅነት ቁስል ምልክት ከወገናቸው ጋር አገናኛቸው። የሰውን ነገር እግዚአብሔር እንዴት እንደሚያከናውን እናስተውል።

ጠበልና መድኃኒት በምኒልክ ዘመን

ሐኪም ወርቅነህ አገር ቤት የገቡበት ዘመን አዲሱ ዕውቀት በጥርጣሬ የሚታይበት ዘመን ነበር። ጥርጣሬው ከምን እንደመጣ ማወቅ ይገባናል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ እጁ መድኃኒት፣ በሌላው እጁ የራሱን ሃይማኖት፣ ከበስተኋላውም የመንግሥቱን መድፍ ይዞ ይመጣ ነበርና አባቶች መፍራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፍቱ ከቤተ ክህነት ወገን ስጋት ስለ ተነሣ መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች እንዲመጡ ተደረገ። በዚህ ዓይነት ትምህርቱም ገባ፤ የቤተ ክርስቲያንም ስጋት ረገበ። ንጉሡ ሃይማኖትን አዋርደው ሳይንስን አላስገቡም፤ ሃይማኖትንም ምክንያት አድርገው በሩን አልዘጉም።

በፈንጣጣም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ፈንጣጣ በአገራችን ስንቱን ቤት የዘጋ በሽታ ነው። ሕዝቡ ይጸልያል፣ ይሳላል። ከዚያም ጋር ከበሽተኛው ቁስል ጥቂት ወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ በመጫር በሽታውን የመከላከል ልማድ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ነበር። ዐፄ ምኒልክም በዘመናዊው ክትባት ሰዎች እንዲከተቡ አድርገዋል። በመጨረሻ ይህ በሽታ በ1968 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሊያ ጠፍቶ ዓለም ተገላገለችው። እየዞሩ ይከትቡ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ስንቶቹ አማትበው ጉዞ ይጀምሩ እንደ ነበር ማሰብ አያዳግትም።

ሐኪም ወርቅነህ ወደ በርማ ተመልሰው ከቆዩ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት እንደገና ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ተይዘው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደው ጠበል ተጠምቀዋል፤ በሐኪሞችም ታክመዋል። ካከሟቸውም አንዱ ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። ሁለቱንም መንገድ ይዘው ሳሉ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንገንዘብ። ጠበሉም መድኃኒቱም ሞትን ከሰው ልጅ ላይ ጨርሶ አላስቀሩም። ሐኪሙ ሁሉን እፈውሳለሁ ቢል ዋሸ፤ አጥማቂውም ወደ ጠበል የመጣ ሁሉ ከሕመሙ ይድናል ብሎ ቃል ቢገባ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በእጁ የያዘ መሰለ። የታመመ ሰው ከሁለቱም ወገን የሚፈልገው እውነተኛ ሰው ነው።

ዕውቀትን ለማን?

ሐኪም ወርቅነህ እ.ኤ.አ. በ1919 ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው ወደ ኢትዮጵያ ጠቅልለው ገቡ። በሌላ አገር ጡረታቸውን እየበሉ ዐርፈው መቀመጥ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ገና ሥራ መጀመራቸው ነበር። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። የኢትዮጵያ ልጅ ዓለምን በራሱ ቋንቋ እንዲያውቅ በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጁ። ከባርነት ነጻ የወጡ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤትም እንዲቋቋም ደክመዋል። በሰው ቤት ያለ ወላጅ ያደጉ ሰው ነበሩና እንደ ዕቃ ተሽጦ የኖረ ልጅ ፊደል ሲቆጥር ማየት ለእርሳቸው ምን ማለት እንደ ነበር መገመት እንችላለን።

በእነዚህ ዓመታት አዲስ አበባ ላይ አንድ ሆስፒታል ተሠርቶ ቤተ ሳይዳ ተባለ። ስሙ የተወሰደው ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው መጻጉዕ ከተኛባት መጠመቂያ ነው። የወንጌል ጠበል ስም በዘመናዊ ሆስፒታል በር ላይ ተጻፈ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች በሁለቱ መካከል ጠብ አልታያቸውም። ይህ ሆስፒታል ዛሬ የካቲት 12 ይባላል፤ ስለዚህ ስም ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሐኪም ወርቅነህ ከዚያም በኋላ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ላይ መንገድና አስተዳደር ሲያሻሽሉ ቆዩ። በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ሎንዶን ተላኩ። ፋሺስት ኢጣልያ ለወረራ እየተዘጋጀች ነበር።

በመስከረም 1928 ዓ.ም. በሳይንስ የረቀቀ መሣሪያ የታጠቀ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። የወራሪው ምክንያት ሥልጣኔን አመጣለሁ የሚል ነበር። በኅዳር ወር ደሴ ላይ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ። በታኅሣሥ ወር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሕክምና ጣቢያ ተመታ። ኢጣልያ ራሷ በፈረመችው በ1925 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ ስምምነት የተከለከለው የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን በወታደሩም፣ በገበሬውም፣ በከብቱም ላይ ረገፈ።

ወጣቶች ሆይ! እዚህ ላይ ቆም እንበል። የመርዙን ጋዝ የቀመመው ኬሚስት ነው። የተቃጠለውን ሰው ቁስል የሚያክመውን ቅባት የቀመመውም ኬሚስት ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት መጽሐፍ አንብበዋል፤ በአንድ ዓይነት ሚዛን መዝነዋል። ሳይንስ መርዙ ሥጋን እንዴት እንደሚያቃጥል አስተምሯቸዋል። የሚቃጠለው ሰው ወንድማቸው መሆኑን ግን ሚዛኑ ሊነግራቸው አይችልም። ይህን የሚናገረው ሕሊና ነው፤ ሕሊናን የሚያነቃው ደግሞ እግዚአብሔርን መፍራት ነው። በዘመናዊ ኅብረተሰብ ውስጥ የሃይማኖት ስፍራ የት ነው ለሚለው ጥያቄ እኔ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ሃይማኖት የቤተ ሙከራውን ሥራ አይሠራም፤ ከቤተ ሙከራው የወጣው ዕውቀት ለማን እንደሚውል ግን ይጠይቃል።

በሌላ በኩል ሃይማኖት ያለው ሁሉ ጻድቅ ነው ማለቴ አይደለም። ጋዙን የጣለው ጦር የመጣውም ከክርስቲያን አገር ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ የተረሸኑት መነኮሳት የሞቱት መስቀል በሚሳለሙ አዛዦች ትእዛዝ ነው። ፍቅር የሌለበት ሃይማኖትም እንደ ሳይንሱ ሁሉ ለክፉ ሥራ መሣሪያ ይሆናል።

ሐኪሙ በሎንዶን ሆነው ስለ አገራቸው አቤት ሲሉ፣ ለቁስለኛው የሚሆን እርዳታ ሲለምኑ ሳሉ የራሳቸው ቤት ተመታ። በእንግሊዝ አገር የምህንድስና ትምህርት ተምረው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ለአገራቸው ሲታገሉ ተማረኩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ እልቂት ሲያወርዱ የተማሩ ወጣቶችንም እየለቀሙ ረሸኑ። ዮሴፍና ቢንያምም ከተረሸኑት መካከል ነበሩ። የቤተ ሳይዳ ሆስፒታል ዛሬ የተሰየመው ለዚያ ቀን መታሰቢያ ነው።

በመቅደላ ከወላጆቹ የተነጠለው ሕፃን አርጅቶ ሳለ በሰው አገር ሆኖ የልጆቹን መርዶ ሰማ። ልጆቻቸውን የገደለው በሥልጣኔ ስም የመጣ ኃይል ነው። ሐኪሙ ግን በዕውቀት ተስፋ አልቆረጡም፤ አገራቸውንም አልተዉም። አገር ነጻ ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ተመልሰው በአገራቸው ኖሩ። መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. ዐረፉ። የሰውን ልብ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ ያደጉበትም የክርስትና ሥርዓት ከእኛ ሥርዓት የተለየ ነበር። እኛ የምናየው ሥራቸውን ነው፤ ሥራቸውም ዕውቀትን ለድሀ ያዋለ የክርስቲያን ሥራ ነው።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

አንደኛ፤ ሐኪምን መናቅ የእምነት ምልክት አይደለም። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል። በሽተኛው እንዲጸልይና ንስሐ እንዲገባ፣ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጠው ይመክራል። ጸሎቱ ሐኪሙን አላስቀረም፤ ሐኪሙም ጸሎቱን አላስቀረም። በዘመናችንም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በነጻ ሲታደል ብዙ ሕሙማን ጠበል ስንጠመቅ መድኃኒቱን እንተው ወይ ብለው ተጨንቀው ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስተምረዋል። መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ማድረግ ለስንቱ ወላጅ ልጆቹን ለማሳደግ ዕድሜ ሰጥቶታል።

ሁለተኛ፤ እምነትን መናቅም የዕውቀት ምልክት አይደለም። ታማሚ ሰው የደም ምርመራ ውጤቱ ብቻ አይደለም። ሌሊት ብቻውን ሲሆን ይፈራል፣ ያዝናል፣ ለምን እኔ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ኪኒን አልተሠራም። በአጠገቡ ተቀምጦ አብሮት የሚጸልይ ሰው ያስፈልገዋል። ሕክምና የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፤ በሽተኛው ዳዊት ሲደግም ብታገኙት አትሳቁበት፤ ድፍረቱን የሚያገኘው ከዚያ ነውና።

ሦስተኛ፤ የተማርነው ለማን ነው? ሐኪም ወርቅነህ ከሩቅ አገር መጥተው ድንኳን ተከሉ። እኛ ከዚሁ ከሰፈራችን እንኳ ሳንወጣ ልናክመው፣ ልናስጠናው፣ ልንጠይቀው የሚገባን ሰው ሞልቷል። የሐኪሙ ትምህርት ለሰው ጥቅም ባይውል ኖሮ ዛሬ ስማቸውን ማን ያነሣው ነበር?

በመጨረሻም ስለ እኅታችን ልንገራችሁ። እጇ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። የንስሐ አባቷ ቤታቸው ድረስ ሄደው መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ መከሯት። እናቲቱ ኪኒኑን በሰዓቱ የሚያስታውሷት ራሳቸው ሆነዋል። ወንድሟም ትምህርት በሌለው ቀን ማለዳ ተነሥቶ እስከ ጠበሉ ይሸኛታል፤ እርሱ ባይጠመቅም ነጠላዋን ይዞ ውጭ ይጠብቃታል። ክርክራቸው ጨርሶ አልቆመም፤ ነገር ግን ዛሬ የሚከራከሩት አንድ ማዕድ ቀርበው ነው። እኔ በበኩሌ ያን ጊዜ በከንቱ ስላመሰገንኳት ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ይህንንም የጻፍኩት ሌላው ወጣት እኔ በሠራሁት ስሕተት እንዳይወድቅ ነው።

ውድ ወጣቶች፤ እግዚአብሔር አእምሮን የሰጠን እንድንሠራበት ነው፤ እምነትንም የሰጠን ሥራችንን እንድንቀድስበት ነው። ሁለቱንም በማስተዋል እንድንይዝ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።